ትክክለኛ ግልባጭ

አትላንታ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1992 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ክፍሌ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ተሻለዎት? ያ የጓሮ በር አሁንም በእርግጫ ነው የሚዘጋው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩት ባለፈው በፈረንጅ ጽፌ «ይህ ደግሞ የየትኛው ንጉሥ ዘመን ነው?» ስላሉኝ ነው።

ሥራዬ ያው ዳውንታውን ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። በመስታወት በተከበበች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለሚገባው ትኬት እሰጣለሁ፣ ከሚወጣው እቀበላለሁ። የጠዋቱ ግርግር ካለፈ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ብዙም ሰው ስለማይመጣ አነባለሁ። የማነበውን እርስዎ ያውቁታል። ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ አይተው «ይህን ጉድ ይዘሽ ነው ባሕር የምትሻገሪው?» ያሉኝን «ትርሲት» የሚባለውን ልቦለድ ነው። አሁን ለአራተኛ ጊዜ ጨረስኩት።

አላነበብኩትም እንደሚሉኝ ስለማውቅ ላስታውስዎ። ትርሲት ስዊድን ትሄዳለች፤ ዳግም ሐረር ይቀራል። እስክትመለስ ሊጠብቃት ይምላል። መጽሐፉ የሚያልቀው የመጀመሪያ ደብዳቤዋ ሲደርሰው ነው፤ ፖስታውን በእጁ እንደያዘ፣ ሳይከፍተው። ደራሲው እዚያ ላይ ጥሎን ሄደ!

ክፍል ሁለት መውጣቱን የነገረኝ ሕሩይ ነው። ወዲያው ተሽጦ አለቀ ብሎኛል። እዚህ ያሉትን የሐበሻ ሱቆች እስከ ዶራቪል ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ የለም። አሰላ ውስጥ ካለ መጽሐፍ አከራዩ ቶሎሳ ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደማይሸጥ አውቃለሁ። ጋሼ፣ የምለምንዎትን ነገር ሳስበው ራሴም አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ በገለበጡበት እጅ እሱን ይገልብጡልኝ።

አይሳቁብኝ። ከሕሩይ ጋር ቀለበት ካሰርን ሦስት ዓመት ሞላን። እሱ «ነይና እንጋባ» ይላል፤ እኔ ዛሬ ነገ እላለሁ። ስመለስ የማውቀው ሰው ባይሆንስ? እኔስ እሱ የሚያውቃት ባልሆንስ? ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ትርሲት ተመልሳ ምን እንደገጠማት ካነበብኩ ልቤ የሚቆርጥልኝ ይመስለኛል።

ጉልበትዎን የምትስም
የእህትዎ ልጅ የምሥራች


አሰላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለየምሥራች፤

እንደምን አለሽልኝ? የእናትሽን ነፍስ ይማር፤ አንቺን ከመኪናና ከብርድ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ሲያሻው ይይዘኛል፣ ሲያሻው ይለቀኛል። በሩም ያው በእርግጫ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ታመሽ መሰለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ግልባጭ ጸሐፊ ሆኜ የነፍስ ግድያ፣ የድንበር ክርክር፣ የፍቺ ውሳኔ ገልብጫለሁ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ዳኛው ሲጽፉ ቢሳሳቱ ስህተቱን እንዳለ እገለብጣለሁ እንጂ አላርምም ነበር። በጡረታዬ ደግሞ ጎረምሳና ኮረዳ ሲሳሳሙ ልገለብጥ ነው!

ቢሆንም ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። የመጽሐፉን ስም ሰው ፊት ላለመጥራት ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠበቅሁ። «ጋሽ ክፍሌ፣ እርስዎም?» አለኝ። ለእህቴ ልጅ ነው ብለው ሊያምነኝ አልቻለም። ያለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳላስገባው አስምሎ በቀን ኪራይ ሰጠኝ። ከተባዛ ማን ይከራየኛል ይላል፤ እውነቱን ነው።

የተከራየው ሰው ሁሉ ኅዳጉ ላይ የልቡን ጽፎበታል። ገጽ 7 ላይ «ወንድ አይታመንም» ይላል፤ ከሥሩ በሌላ እጅ «አንቺ ደግሞ ማን ምን አደረገሽ?» ይላል። ግልባጭ ከሆነ አይቀር ብዬ ኅዳጉንም ገልብጫለሁ። ገጽ 11 ላይ ግን በእርሳስ የተጻፈውን እጅ ወዲያው አወቅሁት። ፊደሉ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። «ዳግም፣ ክፈተው እንጂ! እኔ ገና ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው የምቀደው» ይላል። በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚጽፍ አንድ ቀያሽ ብቻ ነው። ስሙን አንቺው ጨምሪበት።

ሦስት ምዕራፍ ልኬልሻለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ከየምዕራፉ ግርጌ «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» ብዬ ፈርሜበታለሁ፤ የቀረኝ ማኅተም ብቻ ነው። ዓይኔ ግን እያስቸገረኝ ነው። የንባብ መነጽር ብታገኚ ላኪልኝ።

አጎትሽ ክፍሌ ጎሹ


አትላንታ፣ ጥር 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ ክፍሌ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ካልሆነዎት ሳያፍሩ ይንገሩኝ።

ሦስቱን ምዕራፍ በአንድ ሺፍት ጨረስኳቸው። ከዚያ ለሱመያ እንደገና አነበብኩላት። ሱመያ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ማቆሚያ ላይ ነው የምትሠራው፤ የሐረር ልጅ ስለሆነች ዳግም የሚሄድባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ትዕግሥት ግን የላትም። «ኧረ ስኪፕ አድርጊና መጨረሻውን አንብቢልኝ!» ትለኛለች። መጨረሻው ገና አሰላ ነው ብዬ አሳቅኋት። አንዱ ደንበኛ ጥሩምባ እየነፋ ነው ከሐረር የመለሰን።

ገጽ 11ን ግን ለሱመያ አላነበብኩላትም። እሱን ለብቻዬ ደጋግሜ አነበብኩት።

ሕሩይ ጽፎልኛል። ለመንገድ ቅየሳ ወደ ቆላ ሊልኩት ነው አሉ፤ ለሦስት ወር። «ከዚያ ስመለስ ደብዳቤ አልፈልግም፣ ራስሽን ላኪልኝ» ይላል። ጋሼ፣ ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ሄጄ እንደዚያ የሚለኝን ሰው ባየው፣ አጠገቡ ብቀመጥ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እባክዎ የቀረውን ቶሎ ይላኩልኝ። ትርሲት ደፍራ ከተመለሰች እኔም እመለሳለሁ። ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

የምሥራች


አሰላ፣ የካቲት 10 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለየምሥራች፤

ሰላምሽ ይብዛ። መነጽሩ ልክ ነው። ቶሎሳ ሲያየኝ «ጋሽ ክፍሌ ዳኛ ሆኑ» አለኝ።

እስከ ምዕራፍ ዘጠኝ ልኬልሻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰውየው ይጽፋል። ትርሲት ከደመወዟ ቆጥባ ለዳግም ጥቁር ሱፍ ስትገዛ፣ ልኩን ስላላወቀች ሱቅ ውስጥ የማታውቀውን ሰው «እባክህ ቁመትህ የሱን ያህላል፣ ልበስልኝ» የምትልበት ቦታ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ አልኩ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

የመጨረሻውን ምዕራፍ አላነበብኩትም። መጽሐፉን መልሼ በማግስቱ እንደገና ልከራይ ስሄድ አንዲት ነርስ ቀድማኝ ወስዳዋለች። እስክትመልስ እየጠበቅሁ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ለልቦለድ ወረፋ ስይዝ እናትሽ ብታየኝ ምን ትል ነበር?

ሕሩይ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ሊሰናበተኝ መጣ። የጓሮውን በር በእርግጫ ስዘጋ አየኝና ምንም ሳይል መዶሻና መላጊያ ይዞ ተመለሰ። ሲልገው ዋለ። አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። እሱ መጽሐፉን ጨርሶታልና መጨረሻውን ንገረኝ አልኩት። «ጋሼ፣ ከነገርኩዎት ግልባጩን ያበላሹታል» ብሎ ሳቀብኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ይህን ሳትጠይቂኝ ነው የምነግርሽ።

አጎትሽ ክፍሌ ጎሹ


አትላንታ፣ መጋቢት 24 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ እጀምራለሁ። ጾሙ አልከበደዎትም?

ከሕሩይ ደብዳቤ ካገኘሁ ወር አለፈኝ። ቆላ ስለሆነ ነው እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ሐረገወይን ሱቅ ደወልኩ። ያቺን ሴት ያውቋት የለም? ወሬ አልቆባት አይቻት አላውቅም። «ደህና ነው፣ እ... በረሃ ነው፣ እናቴ በርቺ» አለችኝና ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ብሞክር አልነሣ አለ። የአገራችን መስመር መቼ ነው የሚስተካከለው?

ነርሷ መጽሐፉን መለሰች? ጋሼ፣ እኔ እኮ የቀረኝ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ትርሲት ሱፉን ይዛ አውሮፕላን ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ አብሬአት ተቀምጫለሁ። ያውርዱን።

የምሥራች


አሰላ፣ ግንቦት 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለየምሥራች፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ወገቤ ይዞኝ ነበር።

ምዕራፍ ዐሥር ከዚህ ጋር ነው። ትርሲት ትመለሳለች። ዳግም ድሬዳዋ አውሮፕላን ጣቢያ ቆሞ ይጠብቃታል።

ሕሩይ ያለበት ቦታ ፖስታ የለውም። አንቺም ለመምጣት አትቸኩዪ፤ ክረምቱ እየገባ ነው፣ መንገዱም ይበላሻል። ዕቃ ለመግዛት ካሰብሽ አሁን አትግዢ። መነጽሩ ጥሩ ነው። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ራስሽን ጠብቂ። ብቻሽን አትሁኚ። ከዚያች ከሐረር ልጅ ጋር ዋይ።

አጎትሽ ክፍሌ


አትላንታ፣ ሰኔ 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ ክፍሌ፤

ጋሼ፣ እልል ይበሉ! መስከረም 20 አዲስ አበባ እገባለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ፈቃድም ተቀብያለሁ። ክረምቱ ያልፋል፣ መንገዱም ይደርቃል፣ ሰበብ አልሰማም።

ምዕራፍ ዐሥርን ለሱመያ ሳነብላት ሁለታችንም አለቀስን። ዳግም ጣቢያው ላይ ቆሞ «ደብዳቤሽን እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም፣ አንቺው አንብቢልኝ» የሚላት! እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ምን ነበር? ሰው ይጠብቃል። ወደ ዱሉዝ ወርጄ ለሕሩይ ጥቁር ሱፍ ገዛሁ። አትግዢ ብለውኛል፣ ይቅር ይበሉኝ። እንደ ትርሲት አንዱን ደንበኛ አስቁሜ ትከሻውን ለካሁት፤ ፈረንጁ ያበድኩ ነው የመሰለው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ አድራሻቸውን ድሮ የላክሁልዎ አቶ ብርሃኑ፣ ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኦፍሽ መቼ ነው? ቤት የምትውዪው በየትኛው ቀን ነው?» ይሉኛል። ሰባቱንም ቀን እሠራለሁ አልኳቸው። ሱመያ «ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ሊድሩሽ ነው!» እያለች ትስቅብኛለች። ቀለበቴን አላዩት ይሆን?

ደግሞ በምዕራፍ ዐሥር ኅዳግ ላይ ማንም ምንም አልጻፈም? በየገጹ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ሁሉ መጨረሻው ላይ ዝም አሉ? የሕሩይን እጅ ጽሑፍ አገኛለሁ ብዬ ነበር። እርስዎም «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» ማለቱን ረስተዋል። ጋሽ ክፍሌ አረጁ ብዬ ሳቅሁብዎ።

መምጫዬን ለሕሩይ ይንገሩልኝ። ናፍቆኛል። በቃ፣ ናፍቆኛል።

የምሥራች


አትላንታ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1992 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ለባለፈው ደብዳቤዬ መልስ አልሰጡኝም።

የሱመያ እህት ባለፈው ሳምንት ከአገር ቤት መጣች። ለመንገድ ብላ የያዘችውን መጽሐፍ ሱመያ ሮጣ አመጣችልኝ፤ «ትርሲት» ክፍል ሁለት። እንዴት እንዳለቀ ባውቅም ደስ ብሎኝ ከመጨረሻው ጀመርኩ። ዳግም ጣቢያው ላይ የለም። ዳግም ከሞተ ቆይቷል፤ ዘመዶቹ ደብቀዋታል። ትርሲት ሱፉን እንደታቀፈች የምታገኘው እናቱን በጥቁር ልብስ ነው።

ሱመያ «ምናልባት ሌላ እትም ይሆናል» አለችኝ። እኔ ግን የእርስዎን ምዕራፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ግርጌውን አየሁ። የሰው ነፍስ የጠፋበትን ፋይል ሳያዛንፉ የገለበጡ ሰው፣ በልቦለድ ውስጥ የሞተን ሰው ለምን አስነሡት? ለማን ብለው? እኛ ለሩቅ ሰው የምንደብቀው ሞትን ነው። ሌላውን ሁሉ እንናገራለን።

ከዚያ እትዬ ሐረገወይን ትዝ አለችኝ። «አትግዢ» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ለአቶ ብርሃኑ ደወልኩና «እሁድ ኦፍ ነኝ» አልኳቸው። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?» ስላቸው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

እንዳይመጡ ለምኜአቸዋለሁ። ከእሳቸው አፍ መስማት አልፈልግም፤ እሳቸው ሕሩይን አያውቁትም። በር ሲልግ ያዩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይጻፉልኝ። እንደ ድሮው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ።

የምሥራች


አሰላ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1992 ዓ.ም.

ልጄ የምሥራች፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። በወግ ቢሆን ይህን የሚነግሩሽ ሰዎች ናቸው፤ በማለዳ መጥተው፣ ግራና ቀኝ ይዘውሽ። እኔ ደግሞ እጄ ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ስታነቢ ሱመያ አጠገብሽ ትቀመጥ።

ሕሩይ ቆላ በወረደ በአራተኛው ሳምንት ወባ ያዘው። ቀለል ያለ መስሎት ሦስት ቀን ሥራ ላይ ዋለ። በአራተኛው ቀን ጓደኞቹ በጭነት መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሲሄዱ መንገድ ላይ አረፈ። መጋቢት 4 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 6 አሰላ ቀበርነው። እኔ ከራስጌው ነበርኩ። ቦርሳው ውስጥ ያንቺ ደብዳቤዎች በሙሉ ነበሩ፤ ሁሉም የተከፈቱ ናቸው። እናቱ አስቀምጣልሻለች።

ለአቶ ብርሃኑ የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነው። በየሳምንቱ ለእሁድ እያሉ አንዱ ሽማግሌ ሥራ ሲገባ፣ አንዱ ሲወጣ፣ አንቺም ስትሠሪ አራት ወር አለፈ። አልፈርድባቸውም። የእኔ ጥፋት ይብሳል።

ነርሷ መጽሐፉን የመለሰችው ሕሩይን በቀበርን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ምዕራፍ ዐሥርን አንብቤ ልገለብጥ ተቀመጥኩ። «ዳግም» ብዬ ጻፍኩ፤ «ሞተ» የሚለውን መጻፍ አቃተኝ። ሁለት ወር ሞከርኩ። ብጽፈው እንደምታውቂ ገባኝ፤ ሌላ ብጽፍ ሱፍ ገዝተሽ እንደምትመጪም ገባኝ። እያወቅሁ ጻፍኩት። በዕድሜዬ የዋሸሁት ግልባጭ እሱ ብቻ ነው፤ ስላልፈረምኩበት የዳንኩ መስሎኝ ነበር። ልጄ፣ ይቅር በይኝ። የአራት ወር ለቅሶሽን ሰረቅሁሽ።

ትኬቱን አትመልሺ። ነይ። አብረን እናልቅስለት። ለእናቱም ልጇን የምታውቅ ሰው ያስፈልጋታል። በሩ አሁንም በአንድ ጣት ይዘጋል፤ በዘጋሁት ቁጥር አስበዋለሁ።

ኅዳጉን ጠይቀሽኝ ነበር። ስለ ምዕራፍ ዐሥር ዝም አላሉም። ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ አብዛኛው ደራሲውን ይራገማል። ከመጨረሻው መስመር ሥር ግን በእርሳስ የተጻፈ አለ። መጽሐፉን ቶሎሳ ኪራይም ዋጋም አልቀበልም ብሎ ሰጥቶኛል፤ ስትመጪ በዓይንሽ ታይዋለሽ። እስከዚያው ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦

«ደራሲው ተሳስቷል። የምሥራች ስትመጣ እኔ ቆሜ ነው የምቀበላት። ሱፍ ካመጣችልኝም እዚያው እለብሰዋለሁ። ሕሩይ።»

ትክክለኛ ግልባጭ ነው።

ክፍሌ ጎሹ